የራቢዓና የሰላማዊት ሳሙና

ሸዋሮቢት፣ ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈይሰል አሊዪ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ይዞሃል? የሻርጃው ሙቀትስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ሙቀት ከተነሣ የኛም ሮቢት አይታማም፤ ዝናቡ ገና ዳር ዳር ይላል።

የአባትህ የአጎቱ ልጅ ራቢዓ ነኝ። ዛሬ ምን አስታወሳት እንዳትለኝ። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ወዲህ ደብዳቤ በሰው እጅ መላክ ተመልሶ መጥቷል፤ የምጠይቅህም ነገር በስልክ ጩኸት የሚያልቅ አይደለም።

ሱቄ በጦርነቱ ጊዜ ከተዘረፈ በኋላ ቆሞ አላየሁትም። አሁን ከጎረቤቴ ከሰላማዊት ጋር ሳሙና መሥራት ጀምረናል። ሰላማዊትን አታውቃትም። የሽንኩርት ገበሬው የሀይሉ ሚስት ናት፤ ክርስቲያን ናት። በ2014 ስንሸሽ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ፍራሽ ተጋርተን የከረምን ሰዎች ነን።

ወደዚህ ሥራ ያገባን የወረዳችን የቀወት ልጆች እከክ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሩት «መድኃኒቱን እሰጣለሁ፣ ግን ልብሱና ገላው ካልታጠበ ምን ዋጋ አለው» ትላለች። እናቶቹ ደግሞ «በምን እንጠበው?» ይላሉ። የሳሙናውን ዋጋ ታውቀዋለህ፣ ወይም አታውቀውም።

ለዒድ አል-አድሐ ከታረደው ከብት ሰዉ የሚጥለውን ሞራ ሰበሰብን። አቅልጠን አጣራነው። ድሮ ሰዎች ያደርጉ ነበር በተባለው መንገድ አመድ አጥልለን በውኃው ቀቀልነው። ስናማስል ዋልን። የወጣው ቡናማ፣ የሚዝለገለግ ነገር ሆነ። ማጠቡንስ ያጥባል፤ አይጠጥርም እንጂ። ቀጥለን ኮስቲክ ሶዳ አስመጣንና በጭልፋ ገምተን ጨመርን። እሱ ጠጠረ። ግን የሰላማዊትን እጅ ላጠው።

አንተ የሳሙና ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለህ ይላሉ። ምኑን አጠፋነው? ገንዘብ አልጠይቅህም። ልኩን ጻፍልኝ።

አላህ በሄድክበት ይጠብቅህ፤
ራቢዓ

*

ሻርጃ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ራቢዓ፣

ወዓለይኩም አሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ስቀበል ደንግጬ ነበር፤ ከአገር ቤት ወረቀት ሲመጣ ሰው መርዶ ነው ብሎ ነው የሚከፍተው። ስለ ሳሙና መሆኑን ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ምንም አላጠፋችሁም። አመድ ውስጥ ያለው ፖታሽ ነው። ከፖታሽ የሚወጣ ሳሙና ባሕርዩ ለስላሳ ስለሆነ ሳምንት ቢያማስሉት አይጠጥርም። የሚያጠጥረው ሶዳው ነው፤ ሶዳ ግን በጭልፋ አይገመትም።

እንዲህ ያስቡት። ሞራ ማለት ከአንድ ራስ ጋር የተያያዙ ሦስት ረጃጅም ጭራዎች ናቸው። ሶዳው ገብቶ ጭራዎቹን ከራሱ ይቆርጣል። ራሱ ግሊሰሪን ሆኖ ይቀራል፤ ፊታችንን የምንቀባው ያው ግሊሰሪን። ጭራው ከሶዳው ጋር ሲገጥም ደግሞ ሳሙና ይሆናል። አንድ ጫፉ ቅባት ይወዳል፤ ሌላው ጫፉ ውኃ ይወዳል። ሰንበቴ ገበያ ላይ አፋሩና ደገኛው ቋንቋ ሳይግባቡ መሐል ቆሞ የሚያገበያያቸው ሰው የለ? ሳሙናም በእድፉና በውኃው መሐል ሥራው እንደዚያ ነው። እድፉን በአንድ ጫፉ ይይዝና በሌላው ውኃውን ተከትሎ ይወጣል።

ሶዳው ካነሰ ያልተነካ ሞራ ይቀርና ሳሙናው ልብሱን ይቀባዋል። ከበዛ ደግሞ ሞራ ሲያጣ ወደ ሰው ቆዳ ይዞራል፤ የእትዬ ሰላማዊትን እጅ ያገኘው ይኸ ነው። ለአንድ ኪሎ የተጣራ ሞራ መቶ ሠላሳ ግራም ኮስቲክ ሶዳ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ግራም ውኃ። በሚዛን ይሁን። ሶዳው የሟሟበት ውኃ ከቀዘቀዘ በኋላ ለብ ባለው ሞራ ላይ በቀስታ ያፍስሱት። እንደ አጥሚት ወፍሮ የማማሰያው መንገድ ላዩ ላይ ሲቀር ቅርጽ ውስጥ ይገልበጥ። ከተቆረጠ በኋላ ወር ያህል ነፋስ ያግኘው። ገና ሥራውን አልጨረሰም፤ ለሰው አትስጡት።

አሁን የምለውን ግን እለምንዎታለሁ፣ ለእትዬ ሰላማዊትም ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ምንጊዜም ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል፤ ውኃ ወደ ሶዳው ፈጽሞ አይጨመርም። ድንገት ፈልቶ ፊት ላይ ይፈነጠራል። የአሉሚኒየም ድስት እንዳትጠቀሙ፣ ሶዳው ይበላዋል። ገላ ላይ ካረፈ ብዙ ውኃ፣ ያለማቋረጥ፣ ለረጅም ጊዜ። ሎሚና ኮምጣጤ እንዳታስጠጉ። የዓይን መከላከያ መነጽር ሁለት ገዝቼ አዲስ አበባ ላለው ለጓደኛዬ ለኸድር እልካለሁ። እስኪደርሳችሁ ሥራውን አቆዩት።

የአባቴ ወገን ከቀረኝ አንድ አንቱ ኖት። አላህ ያቆይልኝ።

ልጅዎ ፈይሰል

*

ሸዋሮቢት፣ መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈይሰል፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ እውቀትህን ይባርክልህ፣ እጅህ አይንጠፍ። ሆነ! እንዳልከው አደረግነው። ሰላማዊት ሶዳውን ወደ ውኃው ታፈሳለች፣ እኔ አማስላለሁ። የማማሰያው መንገድ ላዩ ላይ የቀረ ጊዜ ሰላማዊት እልል አለች፤ ሀይሉ ልጅ ተወለደ ወይ ብሎ ሮጦ መጣ። ነጭ ነው ልጄ፣ ጠጣር ነው፣ አረፋውም የዋዛ አይደለም። ሩት ለቀወት እናቶች ወሰደችው። አሁን የት ይገኛል እያሉ በአህያም በባጃጅም ይመጣሉ።

እንዳልኩህ ብቻ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

በፍልሰታ ጾም መጨረሻ ገበያ ላይ ወሬ ተነሣ። ለክርስቲያኖቹ «የእስላም ከብት ሞራ ነው፣ በጾም ገላችሁን ትቀቡታላችሁ» አሏቸው። በኛ በኩል ያለው ደግሞ «ከክርስቲያን ጋር የተሠራ፣ ምን ሞራ እንደገባበት ማን አይቶ» ይላል። እኔ የሚያስቅ እንጂ የሚበረታ አልመሰለኝም። የክርስቲያኑን ወሬ የጀመሩት የሀይሉ እናት ናቸው አሉ።

ሰላማዊት ሁለት ቀን ቀረች። በሦስተኛው ሄድኩባት። ሽንኩርት እየለቀመች ቀና አላለችም።

«አሞሽ ነው?» አልኳት።

«አላመመኝም፣ እትዬ።»

«ታዲያ?»

«እኔ እኮ ከአማቴ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው የማድረው» አለች። እኔም ምን ልበላት? ቤቷ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በእውነት መልስልኝ። ሞራው ሳሙና ከሆነ በኋላ ሞራ ነው? ውስጡ አለ ወይስ የለም?

መነጽሩ አልደረሰም። ኸድር መንገዱ እስኪከፈት ይላል። አታስብ፣ እጠነቀቃለሁ።

ራቢዓ

*

ሻርጃ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ራቢዓ፣

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረስ። ጥያቄዎን ይዤ ብዙ ቀን ሰነበትኩ። እዚህ በየቀኑ ብዙ ቶን ሳሙና ይመረታል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።

በትምህርቴ የምመልሰው ይህን ነው። ልኩን ጠብቃችሁ ከሠራችሁት፣ ሞራው ከጥቂት ትርፍ በቀር የለም። ተደብቆም አይደለም። ጭራው ከራሱ ተለይቷል፣ ሌላ ነገር ሆኗል። ሳሙናውን ሺህ ጊዜ ቢያቀልጡት ያ ሞራ ተመልሶ አይመጣም። ዑለማዎቻችንም አንድ ነገር ባሕርዩ ሲለወጥ ኢስቲሓላ ይሉታል፤ ፍርዱ ላይ ግን አንድ አይደሉምና እዚያው ያሉትን ሸኽ ይጠይቁ። እትዬ ሰላማዊትም የነፍስ አባታቸውን ይጠይቁ።

ግን እትዬ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ሞራው ምን እንደሆነ ልነግርዎ እችላለሁ። ሰው ምን ይቀፈዋል፣ ምን አይቀፈውም የሚለውን በሚዛን አልለካውም። የሀይሉን እናት በኬሚስትሪ አይረቷቸውም። ከፈለጋችሁ በጉሎ ዘይትና በሰሊጥ ሞክሩ። ልካቸው ከሞራው ይለያል፤ በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። ቶሎ አይጠጥርም፣ ሞራ የለበትም ብሎ ለመሸጥ ግን ይመቻል።

ብቻዎን አይሥሩ። ይህን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ልመና ይውሰዱልኝ። ኸድርን ዛሬም ደውዬ ተቆጥቼዋለሁ።

ልጅዎ ፈይሰል

*

ሸዋሮቢት፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈይሰል፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ደኅና ነን። ማሾው ጥሩ ይዟል፣ ዝናቡ በጊዜው ወጥቷል።

የሶዳ ውኃ ዓይን ቢነካ፣ ወዲያው ከታጠበ፣ በምን ያህል ጊዜ ይጠራል? ሐኪሞቹ እናያለን ብቻ ነው የሚሉት። አንተ ታውቅ እንደሆነ ብዬ ነው።

ራቢዓ

*

ሻርጃ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ራቢዓ፣

የማን ዓይን ነው?

ደብዳቤው የአንቱ ጽሕፈት አይደለም። የአንቱን «ራ» እኔ አውቀዋለሁ። በአላህ ይሁንብዎት፣ ማን እንደጻፈው፣ የማን ዓይን እንደሆነ ይንገሩኝ። ስልክዎ ላይ በየቀኑ እደውላለሁ፤ አይነሣም። ኸድር ዛሬ ነገ መንገዱ ይከፈታል ይለኛል፤ መነጽሩ አሁንም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው።

መልስ እስኪመጣ ፋብሪካ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፤ ምን እንደሠራሁ አላውቀውም።

ፈይሰል

*

ሸዋሮቢት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ፈይሰል፣

እንደምን ሰነበቱ። እግዚአብሔር ይመስገን እኛ አለን። የምጽፈው እኔ ሰላማዊት ነኝ። ያለፈውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። እትዬ የምትለኝን ልጻፍ፣ ከዚያ የራሴን እጨምራለሁ።

«ልጄ ፈይሰል፣ ዓይኑ የእኔ ነው። እንዳትጨነቅ ብዬ ዘገየሁ፤ የባሰ አስጨነቅሁህ። ሶዳው በክረምቱ እርጥበት ስቦ ጆንያው ውስጥ ተጋግሮ ነበር። ሰባብሬ ወደ ባልዲ ገለበጥኩት፤ ባልዲው ሥር ተጣብቆ እምቢ አለኝ። ትንሽ ላለስልሰው ብዬ ውኃ ጠብ አደረግሁበት። ያልከውን አልረሳሁትም። ሳሙና እየሠራሁ አልመሰለኝም፣ ዕቃ እያጠብኩ መሰለኝ። ግራው ዓይኔ አሁን ብርሃንና ጨለማ ይለያል፤ ቀኙ በፋሻ ነው፣ ይድናል ብለውኛል። አንተ የሠራኸው ጥፋት የለም። ይህን ደግመህ አንብበው።»

እዚህ ላይ እትዬ አበቃች። ቀጥሎ ያለው የእኔ ነው።

ስትጮህ ጓሮዬ ነበርኩ። ከዚያ ወሬ ወዲህ ደጃፏን ረግጬ አላውቅም ነበር። ስደርስ መሬት ላይ ተንበርክካ ፊቷን በነጠላ ትጠርጋለች። ነጠላውን ነጠቅኳት። ጎረቤት ተሰብስቦ አንዷ ሎሚ ቆርጣ መጣች፤ «ሶዳ በሎሚ ይበርዳል» አለች። ሌላው ቅቤ አለ። እርስዎ የጻፉትን እትዬ ጮክ ብላ ታነብልኝ ስለነበር በቃሌ ይዤዋለሁ። ሎሚውን ከእጇ መትቼ ጣልኩት። ሀይሉ ጀሪካን ያመጣል፣ እኔ ዓይኗን በጣቴ ከፍቼ አፈስሳለሁ። እሷ ተይኝ ትላለች፣ እኔ አልተውም እላለሁ። የጎረቤቱ ውኃ ሁሉ አለቀ። ባጃጅ ላይም አሳፍረናት እያፈሰስኩ ነው የሄድኩት። ደብረ ብርሃን ያያት ሐኪም «ውኃው ነው ቀኙን ያዳነው» አለን።

እኔ ብኖር ሶዳውን የማፈሰው እኔ ነበርኩ። ይህን ለእትዬ ስላት «ዝም በይ» ትለኛለች። ለእርስዎ ግን ልጽፈው ፈለግሁ።

ሰላማዊት

*

ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ራቢዓ፣ ለተከበሩ እትዬ ሰላማዊት፣

አላህ ምሕረቱን ያውርድልን። ደብዳቤው በደረሰኝ ቀን ፋብሪካው ውስጥ የሶዳው ታንከር ሥር ቆሜ ሰዓቱ አለፈብኝ። እዚህ ሶዳውን ሰው በእጁ አይነካውም፤ በቱቦ መጥቶ በቱቦ ይሄዳል። ቢፈነጠቅ በሁለት እርምጃ ርቀት የዓይን መታጠቢያ አለ። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ በወረቀት ላይ ቁጥር ጽፌ ላክሁላችሁ። ጆንያው ሊጋገር እንደሚችል ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ክረምቱን አውቀዋለሁ። አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ክደኑት ብዬ አንድ መስመር ብጨምር ይበቃ ነበር።

እትዬ ራቢዓ፣ ከእንግዲህ ይተዉት። እለምንዎታለሁ። ሱቁን እናስነሣዋለን፣ የሚያስፈልገውን እኔ እልካለሁ። ቀኙ ዓይን አንድ ብቻ ነው። ስለ ሶዳ ከእንግዲህ አንድ ቃል አልጽፍም፤ ቢቆጡኝም እንዲሁ ነው።

እትዬ ሰላማዊት፣ አባቴ በሞተ ጊዜ እንኳ ለሰው እንዲህ ያለ ምስጋና አላቀረብኩም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ፈይሰል

*

ሸዋሮቢት፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈይሰል፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒድ ሙባረክ። የኛ ዒድ አለፈ፤ ሰላማዊት ገና ሁዳዴ ላይ ናት።

ጽሕፈቱ የራሴ ነው። ፊደሉ ገዝፎ ካየኸው እንዳትስቅ፤ በአንድ ዓይን መስመሩ ይጠፋብኛል። ቀኙ ተፈቷል፣ ያያል፣ አልሐምዱሊላህ። ግራው እንደነበረ ነው።

ቁርጡን ልንገርህ። አልተውኩትም። ቆጣ ብለህ ወረቀቱን አታስቀምጥ፣ ስማኝ።

ተኝቼ ሳለሁ የሀይሉ እናት መጡ። ከወሬው ወዲህ ፊት ለፊት አልተያየንም ነበር። ከአልጋዬ ጎን ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። ፋሻዬን ሰላማዊት ስትቀይር አዩ። «እኔ ያልኩት ሌላ፣ አንቺን ያገኘሽ ሌላ» አሉ። ከዚያ የቆሸሸውን ጨርቅ ሰብስበው ይዘው ወጡ፤ ማታ ታጥቦ ተመለሰ። በምን እንዳጠቡት አልጠየቅኋቸውም። ቤታቸው ውስጥ ከኛው ሳሙና በቀር ሌላ እንደሌለ ሰላማዊት ነገረችኝ። ሰላማዊት የነፍስ አባቷን ጠይቃለች፤ «ታጠቢው እንጂ አትብዪው» አሏት። የኛ ሸኽ ደግሞ ሞራው ከሐላል እርድ እስከሆነ ምን አስጨነቀሽ አሉ። ወሬው እንዲህ ነው፤ አልሞተም፣ ግን ጉልበቱ ደክሟል። ለማይመቸው ሰው የጉሎውን እንሠራለን። ቀስ ብሎ ይጠጥራል እንዳልከው፤ ሰው ግን ይጠብቀዋል።

መነጽሮቹ ደርሰዋል። ሶዳው በክዳን ዕቃ ነው። ከቤት ውጭ፣ በርሜል ውኃ አጠገብ ነው የምንሠራው፣ ብቻዬን አልነካውም። ሶዳውን የምታፈሰው ሰላማዊት ናት። ስለ ሶዳ አልጽፍም ያልከውን አነበብኩ። ልጄ፣ አንተ ብትተወውም ሰዉ ሶዳውን ገበያ ያገኘዋል። ያለ ልክ፣ ያለ መነጽር፣ በአሉሚኒየም ድስት ያፈላዋል። ያስፈራህ ነገር ዝም ስላልክ አይቀርም።

ይህን የምልህ ከማጀቴ ከተማ ተመልሼ ነው። እዚያ ያሉ ሴቶች አስተምሩን ብለው ሰው ላኩብን። እኔ በረመዳን፣ ሰላማዊት በሁዳዴ፣ ሁለት ጾመኛ ሆነን ሄድን። አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀን። ልኩን ሊጽፉ እስክሪብቶ አዘጋጅተዋል። ሰላማዊት ሚዛኑን ልታወጣ ስትል ቆይ አልኳት። ሻሼን ወደ ኋላ አድርጌ ጥቁር መነጽሬን አወለቅሁና ግራ ዓይኔን አሳየኋቸው። ሰላማዊት በጆሮዬ «ምን ያደርግልሻል፣ ይሸሻሉ እኮ» አለችኝ።

ያልከውን ሁሉ ነገርኳቸው። ውኃውንም፣ ጆንያውንም፣ ሎሚውንም። አንዲት ወጣት ሴት እጇን አወጣች። ኢየሩሳሌም ነው ስሟ። «እንዲህ ካደረገሽ ለምን አልተውሽውም?» አለች።

«እከክ የበላውን የልጆቹን እጅ ስላየሁ ነው» አልኳት። «ደግሞ ደስ ይለኛል። ያ የሚገማ ሞራ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

አሁን ይነሣሉ ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ከኋላ የተቀመጡት ተነሡ፤ ግን ወደ በሩ አልሄዱም። ወንበራቸውን እያነሡ ወደኛ ቀረቡ።

አላህ ይጠብቅህ፤
ራቢዓ